ሰዓቴ ከሳነቴ የመለሰኝ ዕለት

ክንዳችሁ ላይ ጤና የሚለካ ሰዓት ያሰራችሁ ካላችሁ እንዳትቀየሙኝ። የእናንተ ሰዓት ጥሩ ሊሆን ይችላል። የኔም ጥሩ ነበር። ጥፋቱ ከሰዓቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከአንገቴ በላይ ነው ያለው። ይህን የምላችሁ ትሑት ሰው ለመምሰል አይደለም፤ ታሪኩን ስትጨርሱ እናንተም ራሳችሁ ትሉታላችሁና ልቅደማችሁ ብዬ ነው።

ባሌ ሮቤ ውስጥ መምህር ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ስመጣ ሐሳቤ ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር፤ ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ ኦሮምኛውንም ገበያ ወጥቼ በማላፍርበት መጠን ለመድኩት። ባለፈው ዓመት ሃምሳ ሦስተኛ ዓመቴን ስይዝ ግን ለማንም ያልነገርኩት ፍርሃት ያዘኝ። አባቴ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ምሳውን በላ፣ እጁን ታጠበ፣ "ትንሽ ጋደም ልበል" አለ፤ አልተነሳም። እኔም ከልደቴ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለትን ተውኩ። እንቅልፍ ቢጥለኝ እንኳ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አንቀላፋለሁ እንጂ ጀርባዬን አላሳርፍም። ሞት መጥቶ ጋደም ያለ ሰው ብቻ እየመረጠ የሚወስድ ይመስል።

አዳማ ያለችው ታናሽ እህቴ ይህን ከባለቤቴ ሰምታ ኖሮ ሰዓት ላከችልኝ። ሰዓት ይባል እንጂ ስንት ሰዓት እንደሆነ መናገር ትርፍ ሥራው ነው። የልብ ምት ይቆጥራል፣ በደም ውስጥ ያለ ኦክስጅን ይለካል፣ እርምጃ ይደምራል፣ እንቅልፍ ይመዝናል። ከስልክ ጋር ሲያያዝ ደግሞ ሁሉንም በአረንጓዴና በቀይ መስመር እየሣለ ያሳያል።

"ጋሼ፣ በቃ ከእንግዲህ ስጋትህን ለእሱ ተወው" አለችኝ በስልክ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የምፈራው በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ ብቻ ነበር። ሰዓቱ ከመጣ ወዲህ በየአምስት ደቂቃው መፍራት ጀመርኩ።

መጀመሪያ የተጋጨሁት ከባለቤቴ ጋር ነው። አንድ ቀን ጠዋት ተነስቼ ሰዓቱን ሳየው እንቅልፌ የማይረባ እንደነበር ነገረኝ።

"ዛሬ እንቅልፍ የሚባል አልተኛሁም" አልኳት።

"ስታንኮራፋ ነው እኮ ያደርከው።"

"ሰዓቱ አልተኛህም ነው የሚለው።"

"እንግዲያው ሲያንኮራፋ ያደረው ማነው?"

ያን ቀን ግን ሲደክመኝ ዋለ። ሰዓቱን እስካይ ድረስ እንደ ልጅ ነቅቼ ነበር፤ ካየሁት በኋላ ክፍል ገብቼ ወንበር ላይ ተቀምጬ አስተማርኩ።

ቀጥሎ የእርምጃው ነገር መጣ። ሰዓቱ በቀን አሥር ሺህ እርምጃ ይጠብቅብኛል። ሮቤ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ለመራመድ ትመቻለች፤ ያለ ምክንያት ለመራመድ ግን አትመችም። የትምህርት ቤታችንን ሜዳ ስዞር ያየኝ ጥበቃ ቁልፍ የጠፋኝ መስሎት አንገቱን ደፍቶ አብሮኝ መፈለግ ጀመረ። ሦስት ዙር ከዞርን በኋላ "የስንት በር ቁልፍ ነው?" ሲለኝ ነው የገባኝ። ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ስሄድ ደግሞ ባጃጅ ሁሉ አጠገቤ ሲደርስ ቀስ ይላል። "ይግቡ መምህር።" "አይ፣ በእግሬ ነው።" አንዱ፣ ተማሪዬ የነበረ ሾፌር፣ ፊቱ ጥቁር ብሎ "ተቀየሙኝ እንዴ መምህር?" አለኝ። እሱን ላለማስቀየም ገባሁ። የዚያን ቀን እርምጃዬ አራት ሺህ ላይ ቀረ።

በኋላ ግን መላ አገኘሁ። ሰሌዳ ሳጠፋ ሰዓቱ የእጄ መወዛወዝ መራመድ ይመስለዋል። ከዚያ ወዲህ እንደኔ ሰሌዳ የሚያጠፋ መምህር በባሌ አልነበረም። ተማሪዎቹ ገልብጠው ሳይጨርሱ አጠፋባቸዋለሁ፤ እንደገና እጽፋለሁ፤ እንደገና አጠፋለሁ። በዚያ ሴሚስተር ደብተራቸው ጎዶሎ ነው። የኔ አሥር ሺህ ግን ሙሉ ነበር።

እዚህ አገር ሰላምታ የሚጀምረው ከጤና ነው። "ፈያ? ነጋያ?" ይላችኋል ሰው፤ ደህና ነህ፣ ሰላም ነህ ማለቱ ነው። እናንተም "ፈያ፣ ነጋያ" ብላችሁ ታልፋላችሁ። እኔ ግን እጄን ቀና አድርጌ ሰዓቴን አይና "ዛሬ ሰማንያ ስምንት ነው፤ ትናንት ሰባ ዘጠኝ ነበር" እል ጀመር። የሚያውቁኝ ሰዎች ከሩቅ ሲያዩኝ ወደ ማዶ መሻገር ለመዱ።

ሁሉን ችለው የሚሰሙኝ ኦቦ ከድር ብቻ ነበሩ። ኦቦ ከድር ሰባ ዓመት የተጠጋቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሮቤ የገባሁ ሰሞን ሱሪዬን ሊያሳጥሩልኝ ሲለኩኝ ወሬ ጀመርን፤ ወሬው እስካሁን አላለቀም። ከሥራ ስወጣ ሱቃቸው በር ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ሳልቀመጥ ቤቴ አልገባም።

አንድ ቀን ስለ ልብ ምቴ ሳወራ "እስቲ አምጣው" ብለው ሰዓቱን ተቀበሉኝ። እጃቸው ላይ ያስሩታል ብዬ ስጠብቅ፣ አጠገባቸው የነበረ የዩኒፎርም ጨርቅ ጥቅል ላይ ጠመጠሙት። ሰዓቱ ጥቂት አሰበና ሰባ ሁለት አለ።

"ያንተ ስንት ነበር?" አሉኝ።

"ሰማንያ ስድስት።"

"ጨርቁ ይሻልሃል" ብለው መለሱልኝ፤ ማሽናቸውንም መርገጥ ቀጠሉ።

እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ሳሰላስል የሄድኩት ጨርቁ በምን እንደበለጠኝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እስካሁን ዙሪያውን የምዞረው መግባት ስለከበደኝ ነው።

ኦቦ ከድር ኦቦ አማን የሚባሉ ታላቅ ወንድም ነበሯቸው። ከጎባ በላይ ካለው ከሳነቴ አምባ ማዶ፣ ሃረና ጫካ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሁለቱ ለአሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ኦቦ ከድር ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ታላቃቸውን የሚያማክር መልእክተኛ ልከው ነበር፤ መልእክተኛው ዘገየ፣ የሙሽራው ወገኖች ቸኮሉ፣ ኒካሑ ታሰረ። ኦቦ አማን ወሬውን ከመንገደኛ ሰሙ። "ከድር እኔን ከሞቱት ቆጥሮኛል" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ቢሄድ፣ ሰው ቢለምን፣ አልሆነም። በየኢዱ ኦቦ ከድር ማሽናቸውን ያቆሙና ወደ ተራራው በኩል ያያሉ። እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ስለ ዝናብ አወራለሁ።

በመጋቢት ወር አንድ መንገደኛ መልእክት ይዞ መጣ። ኦቦ አማን ታመዋል፤ ሕመሙ በርትቷል፤ ከድር ይምጣ ብለዋል። ኦቦ ከድር የዚያኑ ቀን ቤቴ መጡ። ቤቴ መጥተው አያውቁም ነበር።

"መምህር፣ አብረኸኝ ሂድ።"

"እኔ ምን አደርግልዎታለሁ?"

"መጀመሪያ አንተ ትገባለህ። የመጀመሪያዋን ቃል አንተ ትናገራለህ። ከዚያ በኋላ እኔ እችላለሁ።"

እሺ አልኩ። በሰው ዘንድ እንዲህ ታምኜ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጎባ ሄድንና ሳነቴን አቋርጦ ደሎ መና የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። ኦቦ ከድር ጉልበታቸው ላይ አንድ ጥቅል አስቀምጠዋል። ለወንድማቸው የሰፉት ጃኬት ነበር። "በግምት ነው የሰፋሁት" አሉኝ። "ከስቶ ይሆናል ብዬ ትንሽ አጠበብኩት።"

መኪናው እየተጠማዘዘ ዳገቱን ወጣ። ዛፉ አለቀ፣ ደመናው ቀረበ፣ ጅብራዎቹ ብቅ ብቅ አሉ። አንዱ ቀይ ቀበሮ አየሁ አለና ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ግራ መስኮት ተጋፋ። እኔ ቀበሮውን አላየሁም። ሰዓቴን ነበር የማየው። ኦክስጅኔ ዘጠና፣ ከዚያ ሰማንያ ስምንት፣ ከዚያ ሰማንያ አራት። ሰዓቱ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠና ቀይ ጽሑፍ አወጣ። እኔም ተንቀጠቀጥኩ። የልብ ምቴ መቶ አሥራ ስምንት ሆነ። እሱን አይቼ ስደነግጥ መቶ ሠላሳ አለ። እሱ ሲቆጥር እኔ ስፈራ፣ እኔ ስፈራ እሱ ሲቆጥር፣ ኦክስጅኔ ሰማንያ አንድ ገባ። አባቴ እጁን ሲታጠብ ታየኝ።

"ኦቦ ከድር፣ ልሞት ነው መሰለኝ" አልኳቸው።

ፊቴን በደንብ አዩት። "የቱ ጋ ነው የሚያምህ?"

"የሚያመኝ የለም። ኦክስጅኔ ነው።"

ከኋላ የተቀመጡ አሮጊት ምን እንደሆንኩ በኦሮምኛ ጠየቁ። ረዳቱ "አየር አለቀብኝ ነው የሚለው" ብሎ አስረዳቸው። እሳቸውም ከልባቸው አዝነው መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈቱልኝ። የሳነቴ ብርድ ገብቶ አሥራ ሁለት ሰው አንድ ላይ አሳለ። ሾፌሩ አቆመ።

"አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡ" አለኝ። "ከዚህ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ሃረና ስንገባ ይሻልዎታል።"

"ሐኪም ያለው ጎባ ነው" አልኩ።

በዚያው ሰዓት ከማዶ ቡና የጫነ አይሱዙ ወደ ጎባ ሲመጣ ታየ። ረዳቱ እጁን አውጥቶ አስቆመልኝ። እኔ ወረድኩ። ኦቦ ከድርም ጥቅላቸውን ይዘው ወረዱ።

"እርስዎ ይሂዱ" አልኳቸው።

አፌ ይሂዱ ይላል፤ እጄ ግን የኮታቸውን እጅጌ ጨብጦ ነበር። መልቀቅ እችል ነበር። አልለቀቅኩም። ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ በሰዓቱ የማላመካኝበት አንድ ነገር ይህ ነው።

ወደ ሚኒባሱ አዩ፣ ወደኔ አዩ። "እንዴት አድርጌ ጥዬህ እሄዳለሁ" አሉና አይሱዙው ላይ ወጡ። እሳቸው ወደ ኋላ አልዞሩም። እኔ ግን ዞሬ ሚኒባሱ ወደ ሃረና ሲወርድ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት።

ወደ ጎባ በወረድን ቁጥር ቁጥሩ ወጣ። ጎባ ልንገባ ስንል ዘጠና ሁለት ሆነ። አልተናገርኩም። ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ ለራሴ። ሲያስፈራራኝ አንድ ጊዜ እንኳ ያልጠረጠርኩትን ሰዓት፣ ሲያጽናናኝ ጠረጠርኩት።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለችኝ ሲስተር ከአነጋገሯ ከጎጃም በኩል የመጣች ትመስላለች። ጣቴ ላይ የራሷን መለኪያ አደረገች፣ ግፊቴን ለካች፣ ብዙ ጠየቀችኝ።

"ደህና ነዎት" አለችኝ። "ሰማንያ አንድ ያዩት የት ሆነው ነው?"

"ሳነቴ ላይ።"

"እዚያማ የኔም ይወርዳል። ከፍታ አይደል? አየሩ ስስ ነው። እጅዎ ሲበርድ ደግሞ ሰዓቱ በትክክል አያነብም። የልብዎ ምት የጨመረው ደንግጠው ነው።" ካርዱን መሙላት ጀመረች። "ሥራዎ ምንድነው?"

"መምህር።"

"የምን?"

ኦቦ ከድር አጠገቤ ቆመዋል። ወለሉን ማየት ጀመሩ።

"ጂኦግራፊ" አልኩ።

ሲስተሯ ጀርባዋን ሰጥታን ከመደርደሪያ ወረቀት ፈለገች። በጣም ረጅም ጊዜ ፈለገች። እኔም በዚያ መሐል ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በየክፍሉ ስጽፈው የኖርኩት ዓረፍተ ነገር፣ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል የሚለው፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ ፊቴ ላይ ተጽፎ ቆመ። ስንቱን ተማሪ በዚህ ጥያቄ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ።

ስንወጣ ስምንት ሰዓት አልፏል። መናኸሪያ ሄደን ጠየቅን፤ ወደ ማዶ የሚሻገር መኪና አልነበረም። በኦቦ አማን መንደር ደግሞ ስልክ አይሠራም። ኦቦ ከድር ጥቅላቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ነገ እንሄዳለን" አሉ። "ምሳ አልበላህም፤ ና እንብላ።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሥጋውን ወደኔ እየገፉ አበሉኝ።

ሮቤ ተመልሰን አደርን፤ በማግሥቱ ሰዓቱን ቤት ጥዬው ወጣሁ። ሳነቴ ላይ ራሴን ትንሽ ከበደኝ፤ ሰዓት ሳይኖረኝም ሁልጊዜ እዚያ ላይ ይከብደኛል። በመንገድ ላይ ንግግሬን አዘጋጀሁ። "ኦቦ አማን፣ ወንድምዎን ይዤልዎት መጥቻለሁ፤ ይቀበሉት" የሚል ነበር። ደጋግሜ በልቤ አልኩት፤ በኦሮምኛም ሞከርኩት።

ሃረና ገብተን ከመኪናው ስንወርድ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ካለው ቤት ደጅ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። ከሥሩ ወንዶች ተቀምጠዋል። እኔ ገና ምን እንደሆነ ሳስብ ኦቦ ከድር ቆሙ።

"ኢናሊላሂ" አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።

ኦቦ አማን ያረፉት በዋዜማው፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። የተቀበሩትም የዚያኑ ቀን ነው። ሳነቴ ላይ ባንመለስ ኖሮ ከቀትር በፊት እንደርስ ነበር። ያዘጋጀሁት ቃል አፌ ውስጥ ቀረ። መጀመሪያ የገቡት ኦቦ ከድር ናቸው፤ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

የኦቦ አማን ባለቤት አደ ሩቅያ ኦቦ ከድርን አንገታቸውን ይዘው አለቀሱ። ጃኬቱን ተቀብለው ትከሻው ጋ በእጃቸው ለኩት። "ልኩ ነበር" አሉ። ከዚያ ተቀምጠው በኦሮምኛ ነገሩን። ያን ቀን ኦሮምኛዬ በጥቂቱ ቢጎድል በወደድኩ፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

"ጠዋት ውጭ አውጡኝ አለ" አሉ። "ፍራሽ አንጥፈን መንገዱን እንዲያይ አደረግነው። ሚኒባሱ ሲቆም ቀና አለ። ሰዎች ወረዱ፤ ከድር የለም። ረዳቱ ነው የነገረን፤ ሁለት ሰዎች ሳነቴ ላይ ወርደዋል፣ አንዱ ክፉኛ ታሞ ነው፣ ሽማግሌው ሊያስታምመው አብሮት ተመለሰ አለ። አማን ወደ ሳነቴ በኩል አየ። ከዚያ፣ እሱ ነው፣ ከድር ነው አለ። ሰው ታሞ ጥሎ አይመጣም፣ ደግ አደረገ አለ። እጁን ዘርግቶ ለታመመው ሰው ዱዓ አደረገ። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተናገረም።"

ዓይናቸውን አንስተው አዩኝ። "የታመምከው አንተ ነህ?"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ኦቦ ከድር እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው ጫን አደረጉት።

"ተሽሎታል" አሉ። "አልሐምዱሊላህ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሌሎቹም ዘረጉ። የሰው ለቅሶ ላይ፣ ምንም ሳልሆን፣ ሙሉ ጤንነቴን ይዤ ተቀምጬ፣ ምሕረት ተለመነልኝ። እኔም መዳፌን ዘርግቼ አሜን አልኩ።

ሦስት ቀን ተቀምጠን ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ "ለምን እንድናገር አልፈቀዱልኝም?" ብዬ ኦቦ ከድርን ጠየቅኋቸው። "እኔ እኮ አልታመምኩም ነበር።"

"ወንድሜ ደግ አደረገ ብሎኛል" አሉ። "ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ያገኘሁት ቃል እሱ ብቻ ነው። አንተ ካልታመምክ ታዲያ ምኑን ደግ አደረግኩ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታምሜ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝም እንደዚያው ነው የምለው። አደ ሩቅያ የባላቸውን ቀፎ ባስቆረጡ ቁጥር፣ ለደረት ጥሩ ነው ብለው፣ በቢጫ ጀሪካን ማር ይልኩልኛል። የጫካ ማር ነው፤ ጥቁር፣ መረር የሚል፣ በጣም ጥሩ ማር። ባለቤቴ ለእንግዳ ታቀርበዋለች፤ እኔም እበላለሁ፤ አለመብላት ደግሞ ሌላ ጥፋት ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ጀሪካኑን ያደረሰችልኝ ሴት በር ላይ ቆማ፣ "አደ ሩቅያ ደረቱ እንዴት ሆነለት ብለዋል" አለችኝ።

"ተሽሎታል በያቸው" አልኳት።